መቀመጤን አልተውም

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ካሳዬ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ሳሉ ለቀቀዎት ወይ? ዓይንዎስ ከሕክምናው ወዲህ ፀሐይ ይችላል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ከንዴቴም በስተቀር ብል ይሻላል። ወንድሜ አምሃ፣ ስታነብላቸው አንድም ቃል እንዳትዘል።

አባባ፣ አብራኝ የምታስቀድሰው ውብነሽ ደውላ ልጅዎ እዚህ ቶተንሃም ሰፈር ውስጥ ለጣዖት ትሰግዳለች አለችዎት አሉ። እርስዎም ማተቧን የበጠሰች የእናቷ ሙት ዓመት ላይ አትቆምም ብለዋል። አፍ ዳገት አይፈራም። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው።

እማማ ስታርፍ የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብሯ አልደረስኩም። ከዚያ ወዲህ ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ውስጥ ትንፋሼ ቁርጥ ይልብኝ ነበር። ጠበል ጠጣሁ፣ ክኒን ዋጥኩ፣ አልሆነም። ማይንድፉልነስ ወደሚሉት ትምህርት የላከችኝ ሐኪሜ ናት። ወንበር ላይ ተቀምጦ ትንፋሽን መከታተል ነው፤ የሚሰገድለት ነገር የለም። ምንጩ የቡድሃ መነኮሳት ናቸው ሲሉኝ አልሸሸሁም፤ ሄጄ አየሁ። የበርማዎቹ ሆዳችሁ ሲነፋና ሲጎድል ልብ በሉ ይላሉ። ብሪክስተን ሰፈር ያሉት የጃፓኖቹ ተከታዮች ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ከግድግዳ ፊት ዝም ይላሉ። የታይላንድ መነኮሳት ደግሞ ከስድስት ሰዓት በኋላ እህል አይቀምሱም። በዓቢይ ጾም ምሳ ቢጋብዙኝ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም፤ ማዕድ ሳንቋደስ ቀረን፤ ተሳስቀን ተለያየን። የቲቤቶቹ ግን የቡድሃን መልክ በልባችሁ ሣሉ ሲሉ፣ ይኼ የእኔ አይደለም ብዬ አመስግኜ ወጣሁ። መለየት አያቅተኝም፤ እርስዎ አይደሉ ያሳደጉኝ!

ድሮ ዳዊት ስደግም ልቤ ገበያ ይዞር ነበር። አሁን ምን እንዳልኩ አውቃለሁ፤ ባቡር ውስጥም ትንፋሼ አይቆረጥም። ውብነሽ ቅዳሴ መሀል ስልኳን ከመጎርጎር ትንሽ ብትቀመጥ እሷንም አይጎዳትም ነበር። እንግዲህ ዳዊቴን ደግሜ፣ ተቀምጬ እተነፍሳለሁ አባባ፤ ትንፋሼን ለሐሜት ብዬ አልሰጥም።

እናቴን አልቅሼ አልቀበርኩም። ሙት ዓመቷን ግን ማንም አይከለክለኝም፤ አሁን ወረቀቴ አልቋል፣ ለኅዳር እመጣለሁ። በሩን ቢዘጉብኝ ደጅዎ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሰፈርተኛው ሁሉ ይየኝ። እስኪከፍቱልኝ አልነሣም፤ መቀመጥ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።

እህቴን ብፅዓትን ሳሙልኝ፤ አልጋዬን ታንጥፍልኝ። ቤታችንን በጉልበቷ ያቆመችውን ማሚቱን እግዜር ያበርታሽ በሉልኝ። ለንስሐ አባታችን ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ የሚጠይቁት ካለ እኔን ይጠይቁኝ። ለእርስዎ ሰላምታ አልልክም፤ ጉልበትዎን ራሴ መጥቼ እስማለሁ።

ልጅዎ ብሩክታዊት
ሰቨን ሲስተርስ፣ ለንደን
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.