ዓመቱ እስኪያልቅ የማይነካ ወንበር

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ እታለም? ያ ጉልበትሽ ከብርዱ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም ደረጃ ሲያይ ያለቅሳል? ባለቤትሽስ፣ መንትዮቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ ክር በመርፌ ማስገባት እንቢ እያለኝ ነው። ለልብስ ስፌት አስተማሪ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ግን ከእንግዲህ ማንን ላስተምርበት ነው።

ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ መስመሩም እንባዬም አላስጨርስ ስላሉኝ ነው የምጽፍልሽ። ግቢው ለመንገድ ተፈልጓል ተባለ። ልጆቹም ከከተማው ማዶ፣ ወንድና ሴት አብሮ ወደሚማርበት ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ዕድሜው ከእናታችን የሚበልጥ የሴቶች ትምህርት ቤት በአንዲት ማስታወቂያ አለቀለት።

የወንበሩን ሕግ መቼም አትረሺውም። ትምህርት ቤቱ በሁለት የኪራይ ክፍሎች በተከፈተበት ዓመት አንዷን ልጅ አባቷ ከክፍል አስወጥቶ ዳራት። የመጀመሪያዋ ርዕሰ መምህርት ዓመቱ እስኪያልቅ ወንበሯ ላይ ማንም እንዳይቀመጥ አዘዙ፤ ብትመለስ ቦታዋ ተይዞ እንዳታገኘው ብለው ነው። ልጅቷ አልተመለሰችም፣ ልማዱ ግን ጸና። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች ሰፍረውበት ወንበሩን ሁሉ ማግደው ሲሄዱ፣ ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው እየተማሩ እንኳ ለቀረችው ጓደኛቸው ቦታ ይተዉላት ነበር አሉ። አንቺንም አባባ ያስቀረሽ ጊዜ፣ «ብረቷ» የምትሏቸው ርዕሰ መምህርት በየዓርቡ በራችን ላይ ቆመው «ወንበሯ ክፍት ነው» ብቻ ብለው ይመለሱ ነበር። አባባ ጎረቤት ፊት ማፈሩ ሲበዛበት ለቀቀሽ።

እንግዲህ የወንድማችንን ልጅ፣ ለፍላፊዋን ልንገርሽ። ልትጨርስ አንድ ክፍል ሲቀራት ነው የመዘጋቱ ወሬ የመጣው። ወንድማችን «ከወንድ ጋር አንድ ክፍል ከማስቀምጣት ለባል ብሰጣት ይሻላል» ብሎ በዓመቱ አጋማሽ አስቀራት። ጓደኞቿ ወንበሯን ባዶ ተዉላት። እኔም እንደ ብረቷ በየዓርቡ በሩ ላይ ቆምኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንድ ቀን ግን መለሰልኝ፤ «ያቺን አስተማርናት፣ ምን አተረፍን? ለእናቷ ቀብር እንኳ አልደረሰችም» አለኝ። ይህን ልጽፍልሽ አልፈለግሁም ነበር፤ ቆሽቴ አሮ ነው። ከሥራ ፈቃድ ተከልክለሽ እንደነበር ነገርኩት፤ በድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ሆነብኝ። ሠርጉ ተደረገ። ባሏ የጭነት መኪና አለው፣ ክፉ ሰውም አይመስልም፤ ዕድሜው ግን ከወንድማችን ብዙ አይርቅም።

ትምህርት ሲያበቃ ጫኞች መጥተው ዕቃውን ማውጣት ጀመሩ። የክፍሏ ልጆች ያንን አንዱን ወንበር ከበው አናስነካም አሉ። ጫኞቹ ሳቁባቸው። ልጆቹ አልሳቁም፣ አልተነቃነቁምም። በኋላ እኔው ተሸክሜ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። አንዱ እግሩ አጠር ስለሚል ወረቀት አጥፌ ደግፌዋለሁ። የቤቴን ጥበት ታውቂያለሽ፤ እንግዳ ሲመጣ አልጋው ጫፍ ላይ ነው የማስቀምጠው። ጎረቤቴ «ወንበር ይዞ መንከራተት» እያለች ትቀልድብኛለች።

ባለፈው እሑድ ለፍላፊዋ ከባሏ ጋር ልትጠይቀኝ መጣች። እሱ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ሲል «እሱ ላይ አይቀመጥም» አለችው፣ ቀስ ብላ። ግራ ገብቶት መኪናዬን ልይ ብሎ ወጣ። እኔም «ያንቺው ነው፣ ተቀመጪ ልጄ» አልኳት። መደገፊያውን በእጇ ዳሰስ አድርጋ «ዓመቱኮ አልቋል፣ አክስቴ» አለችኝ። የሰጠኋትን ውኃ እንደቆመች ጠጣች።

ለባለቤትሽ አክብሮቴን ንገሪልኝ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን እያገላበጥሽ ሳሚልኝ። ጎረቤቴን ናፍቀሻታል። ወንድማችን ሰላም ብሎሻል ብዬ ልዋሽሽ ነበር፣ ተውኩት። ለፍላፊዋ ግን በሩ ላይ ስትሰናበተኝ ለትልቋ አክስቴ ሰላም በይልኝ አለች። ቀጥላም «እሷን ስንት ዓርብ ነው የጠበቋት?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ያኔ ልጅ ስለነበርኩ አላውቀውም። የምታስታውሺ ከሆነ ጻፊልኝ፣ እነግራታለሁ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ
ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ፣ ከዚያችው ቤት
ሐምሌ ፲፪ ቀን