ድንኳኔ ይቅር

ጥር 14፣ ሐሙስ። ከምሽቱ 1፡00

ዛሬም ለጤና መድን እድሳት ቤት ለቤት ስዞር ዋልኩ። አቧራው ጉሮሮዬን ዘግቶታል። ድሮ ክትባት ይዤ ስመጣ እርጎ የሚያቀርቡልኝ ሴቶች አሁን ከሩቅ ሲያዩኝ ወደ ጓሮ ይሰወራሉ። ልጅ ወጥቶ እናቴ የለችም ይለኛል። እናትየው ጓሮ ስታስል እሰማለሁ።

አልፈርድባቸውም። መዋጮው ዘንድሮ ጨምሯል። ወሩ ሲያልቅ ምዝገባው ይዘጋል፤ ያላደሰ ሰው ዓመቱን ሙሉ ከኪሱ ይታከማል። ይህንኑ ስደጋግም የራሴ ድምፅ ሰለቸኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ እንጂ ገንዘብ ሰብሳቢ መሆኔን ማን ነግሮኝ ነበር?

ደብተሬ፣ ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ። የኛም ቤት አላደሰም። አባባን መቼ ነው የምንከፍለው አልኳቸው። ጫማቸውን አራግፈው ገቡ።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ት/ቤቱ ግቢ ስብሰባ። ከመርሳ የወረዳው ሰዎች መጡ። እኔን ከነሱ ጋር ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ምነው መሬት ላይ ከሰዉ ጋር በተቀመጥኩ።

ኃላፊው የመድኃኒት ዋጋ ንሯል፣ የድሮው መዋጮ ሕክምናውን አይሸፍንም አለ። ሐሰት አይደለም። አንዱ ተነስቶ ሽንኩርታችንን ውርጌሳ ገበያ ላይ በስንት እንደሸጥን ታውቃለህ ወይ አለው። እሱም ሐሰት አይደለም። ሌላው ከፍዬ ስሄድ መድኃኒቱ የለም፣ ውጭ ግዛ ተባልኩ፣ ታዲያ ለምን ከፈልኩ ብሎ ጮኸ። አንዲት ሴት ደግሞ ልጇን ታቅፋ ቆመች። ወልድያ በኦፕራሲዮን የወለድኩት በዚህ መታወቂያ ነው፤ ባይኖረኝ ላም አንሸጥ፣ ላም የለን አለች።

ከዚያ አባባ ተነሱ።

ስለ ጎረቤታችን ስለ እትዬ ከድጃ ነው የተናገሩት። ባሏ የሞተባት፣ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ምርቱን ተካፍላ የምትኖር ሴት። መንግሥት ከሚከፍልላቸው ድሆች ተርታ አልገባችም፤ ቤቷ ቆርቆሮ ነው ተብሎ። ቆርቆሮውን ልጇ ዓረብ አገር ሳለች የላከችው ነው። አሁን ልጇም አትልክ፣ ቆርቆሮውም አይበላ። አባባ እንደሷ ከመሃል የወደቁት እስኪገቡ ድረስ እኔ ይመር አላድስም አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። ኃላፊው ወደኔ ዞሮ አባትሽ ናቸው አይደል አለኝ። ፈገግ አልኩ። ጉንጬ እስካሁን ያመኛል።

ጥር 19፣ ማክሰኞ



አባባ ዛሬ የሽንኩርት ጆንያ ሲያነሱ ወደቁ። ቡአ አለባቸው፤ አንጀታቸው ወደ ብሽሽት ይወርዳል። ለሰው ወገቤን ነው ይላሉ፤ ያፍራሉ። ደርሼ ሳያቸው ላብ በላብ ሆነዋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ጋደም ካሉ በኋላ የወረደው በራሱ ተመለሰ። ጤ/ጣቢያ ያያቸው ሐኪም አምና ነግሮናል፤ ወልድያ ሄደው ኦፕራሲዮን ይደረጉ፣ አንጀቱ ታንቆ ከቀረ ለደቂቃም አይጠበቅም ብሎ። ኦፕራሲዮኑን በመድን ያሠራሉ። ያለ መድን ግን በሬው መሸጡ ነው። በሬው ከሄደ ደግሞ በምን ሊያርሱ? እሳቸው አይሸጡትም። በሕመማቸው ላይ ይቀመጣሉ።

ተናደድኩ። ለእትዬ ከድጃ እኔ ልክፈልላት፣ እርስዎም ያድሱ አልኳቸው። ከድጃ ምጽዋት አትቀበልም፣ ደግሞ ከሷ በቀር ስንት አለ አሉኝ። እንግዲያው ቅሬው ይክፈል፣ እድር ለቀብር ብቻ ነው እንዴ አልኩ። ከድጃ ዕድሜዋን ሙሉ ለቅሬ ስታዋጣ ኖራለች፤ መብቷ ነው። ይህን ጊዜ ዓይናቸው ፈጠጠ። ሰብሳቢው ራሳቸው አይደሉ! የቅሬ ገንዘብ የሬሳ ነው፣ በቁሙ ያለ ሰው አይነካውም አሉኝ። ደንቡን ሲጠብቁ የሸበቱበት ነው።

ሰው ሲሞት ሁሉ ይሰጠዋል፤ እንዳይሞት ግን ምንም። ይህን ፊታቸው አልተናገርኩም። ላንቺ ነው።

ለመድን መታወቂያው የሚሆን ፎቶአቸው መሳቢያ ውስጥ አለ። ደመወዜም ገብቷል። ሳይሰሙ ባድስላቸውስ? አውጥቼ አየሁት፣ መልሼ ከተትኩት። ነገ ሰው ቢሰማ ይመር በአደባባይ አላድስም ብሎ በጓሮ አደሰ ይባላሉ። ከቡአው በፊት እሱ ይገድላቸዋል። አሁንም መሳቢያውን እየዞርኩት ነው። ቁጭ ማለት አቃተኝ።

ጥር 22፣ ዓርብ

እትዬ ከድጃ መጣች። ከጁምዓ መልስ አባባ ደጃፍ ላይ አረፍ እንዳሉ አገኘቻቸው። አልተቀመጠችም።

«ይመር ወንድሜ፣ በኔ ሰበብ ሊሞቱ ነው አሉ?» አለቻቸው። «አላህን ይፍሩ እንጂ! እርስዎ ቢሞቱ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ እኔም መጥቼ አለቅሳለሁ። ከዚያስ? ነገ እኔ ስታመም ማን አለኝ? የሞተ ሰው ይከራከርልኛል?»

እሷ ነጠላዋን መልሳ ሄደች። እኔ በር ሥር ቆሜ እሰማ ነበር፤ እልል ብል ደስ ባለኝ።

ከሄደች በኋላ አባባ ምዝገባው መቼ ነው የሚዘጋው አሉኝ። ነገርኳቸው። እሑድ ቅሬው ይጠራ አሉ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ምን ሊሉ ይሆን? ደንቡን ሊያጠብቁት? ሰብሳቢነቱን ሊለቁ?

ጥር 24፣ እሑድ

ቅሬው ዛፉ ሥር ተሰበሰበ። እስላሙም ክርስቲያኑም። ሴት አትቀመጥም፤ እኛ ከድንጋይ ካቡ ወዲህ ሆነን እንሰማለን።

አባባ ሲቆሙ በግራ እጃቸው ጎናቸውን ይዘዋል። ደንቡ አይፈርስም አሉ። እኔ ግን እሞታለሁ፤ ስሞት ቅሬው ለኔ የሚያወጣው አለ፤ እሱን አሁን አውጡልኝ አሉ። ድምፃቸው እዚህ ላይ ተሰበረ፤ ቃላቸውን እንዳለ ልጻፈው። «መቃብሬን ቆፍሩልኝ፣ ከፈኔን ልጆቼ ይገዛሉ። ድንኳኔ ይቅር። ንፍሮዬ ይቅር። በሱ ለከድጃ ክፈሉላት፤ እኔም የራሴን ከፍዬ አድሳለሁ።»

ጸሐፊው ታደሰ ነው ቀድሞ የተናገረው። ጋሼ፣ ዘንድሮስ ይሁን፤ በሚመጣው ዓመት ሲጨምሩ የማንን ድንኳን እናወጣለን? እስኪ መዋጮው በዛ ብለን ለወረዳው እናመልክት እንጂ አለ። እውነቱን ነው። ማመልከቻ ይጻፍ ተባለ። ክርክሩ ተጋጋለ፤ ዛሬ ድንኳን ነገ ቃሬዛ የሚልም ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ግን የኛም ለመሰሎቿ ይሁን ብለው ተነሱ። በመጨረሻ እጅ ወጣ። አለፈ።

ከካቡ ወዲህ እትዬ ከድጃ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። እጄን ያዘችኝ። እኔም ያዝኳት።

ጥር 25፣ ሰኞ

አባባ አኩርፈዋል! ቅር ያላቸውን ገመትሽ? ማንም «ኧረ አይሆንም፣ ይመርማ ያለ ድንኳን አይቀበርም» ብሎ አልለመናቸውም። ወዲያው እሺ ተባሉ። ስንቱን ለቅሶ ደርሼለት አሉ። ሳቄን ለመደበቅ ወጥቼ ሽንኩርት ላጥኩ። ግን ነገሩ እኔንም ከነከነኝ። የሰው ለቅሶ ቀላል አይደለም። ያን ሰጥተው የሚያገኙት ጤና ጣቢያ የመድኃኒት መደርደሪያው ባዶ ቢሆንስ? ወልድያ አልጋ የለም ቢሏቸውስ? እኔ ነኝ አድሱ ስል የከረምኩት።

ጥር 27፣ ረቡዕ። ከጠዋቱ 12፡30

ትናንት መርሳ ሄደን ሁለቱም አደሱ። እትዬ ከድጃ ፎቶ ስትነሳ አልሳቅ ብላ ፎቶ አንሺውን አስቸገረችው። አባባን ወደ ሆስፒታል የሚልከው የሪፈር ወረቀት ተጽፏል። ዛሬ ወልድያ።

አባባ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። ፈርተዋል። አሁን ጠሩኝ። ጎንበስ ብዬ ሰማኋቸው።

«ከሞትኩ ድንኳን የለም አይደል?»

የለም አልኳቸው።

«እንግዲያው ሐኪሞቹን ደህና አድርገሽ ንገሪያቸው። አጥብቀው ይስፉኝ።»

ሳቅሁ። ጓሮ ዞሬ አለቀስኩ። ባጃጁ ጥሩምባ ይነፋል፣ እትዬ ከድጃ ቀድማ ተሳፍራለች፣ ልሂድ፣ አንቺንም በቦርሳዬ ይዤሻለሁ።