የማይቆረሰው መሬት

ግንቦት 27
ከማሳው ድንጋይ ስለቅም ዋልኩ። ዝናቡ ካልዘገየ በሰኔ ባቄላ እዘራለሁ። ወገቤ... የእንጀራ እናቴ ጣይባ ደጃፍ ተቀምጣ ታየኛለች። አባቴ ከሞተ አራት ወር ሊሆን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያወራነው በጣት ይቆጠራል። እንዲህም ይሻላል።

ሰኔ 4
ተውፊቅ ከኮምቦልቻ መጣ። የአባቴ ልጅ፣ የጣይባ። እዚያ ባጃጅ ይነዳል። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ "ድርሻዬን ልወስድ ነው" አለ።
"ልታርሰው ነው?"
"አከራየዋለሁ። አስር ዓመት የሚይዝ ሰው አግኝቻለሁ።"
አባቴ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሲተኛ የት ነበር? አንዴ ብርቱካን ይዞ መጣ፣ በቃ። አሁን ድርሻ...

ሰኔ 9
ደሴ፣ መሬት አስተዳደር ሄድን። ከቦሩ ሜዳ በአንድ ሚኒባስ፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ባለሙያዋ የመሬት ይዞታ ደብተሩን አገላበጠች። የአባቴ ስም ብቻ ነው ያለበት፤ ጣይባን ከማግባቱ በፊት የወጣ ነው።
"ይሄ ትንሽ ነው። ከዚህ በታች መቁረስ ሕጉ አይፈቅድም። ወይ በጋራ ትይዙታላችሁ፣ ወይ አንዳችሁ ለሌላው ትለቃላችሁ።"
"ግማሹን ብሸጥላትስ?"
"መሬት አይሸጥም" አለችው፣ ቀና ሳትል።
በአንድ ደብተር ላይ ፎቶዬ ከእሱ ፎቶ ጎን ሊለጠፍ? አላህ አያሳየኝ። በጋራ ከሆነ ያለ ሁለታችን ፊርማ እንደማይከራይ ስትነግረው ግን ደስ አለኝ። መሬቱ ጦሙን ይደር እንጂ አልፈርምም።

ሰኔ 16
ተውፊቅ ለቀበሌ ከሰሰኝ። ነገሩ እስኪያልቅ ማናችንም እንዳናርስ ታገደ። ትናንት ደግሞ እንዴት ያለ ዝናብ ጣለ...

ሐምሌ 2
የጎረቤት ባቄላ በቅሏል። የኔ ማሳ አረም ለብሷል።

ሐምሌ 5
ነገ የመሬት ኮሚቴው ይሰማናል። ተውፊቅ እናቱን ምስክር ቆጥሯል። ልጇ አይደል? አልቆልኛል። ጀሪካን ይዛ ከምንጭ ስትመለስ አየኋት። ነጥቄ ብደፋው ደስ ይለኝ ነበር።

ሐምሌ 6
ከቀበሌ አሁን መመለሴ ነው።
ሰብሳቢው፣ "እናታችን፣ መሬቱን ሲያለማ የኖረው ማነው? እርስዎ ይንገሩን" አሏት።
"እሷ ናት።"
"ልጅዎስ?"
"እሱ ዶማ ይዞ አያውቅም።"
ተውፊቅ ብድግ አለ። "እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?"
"ወላሂ አልወዳትም" አለች፣ እኔን ሳታይ። "እሷም አትወደኝም። ግን ወገቤ እምቢ ሲለኝ አባትህን ያጠበችው እሷ ናት። አንተ ከያዝከው ለሰው ትሰጠዋለህ። እኔ የት ልገባ ነው? ባጃጅህ ውስጥ?"
አንዳንዱ ሳቀ። ተውፊቅ አልሳቀም። ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ፣ "ልልቀቅላት። ግን እናቴን ትጡርልኝ" አለ።
ያንኑ ጻፉት። እስክትሞት ከመሬቱ ትበላለች፣ ከቤቱ አትወጣም።
"ትቀበያለሽ?" አሉኝ።
ለመሬቱ ብቻ መስሎኝ ነበር የምጣላው... "እሺ" አልኩ። ሁላችንም ፈረምን። ተውፊቅ እናቱን ሳይሰናበት ሄደ።

ሐምሌ 14
ለባቄላው ዘግይቷል፤ ለምስር አሳረስኩ። ማሳው የኔ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።
ምሳ አቀረብኩላት። ቀምሳ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። "ጨው በዝቶበታል።" እንደ ልማዴ መልስ ልሰጣት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ሳህኑን አነሳሁ። ከጠዋት ጀምሮ ለተውፊቅ አምስቴ ደውላለች። አያነሳም።
ሃያ ዓመት ሙሉ እሷን መጥላት ቀላል ነበር። አሁን ምን ላድርጋት?