መቅኒሽ ይዟል

ሐይቅ፣ ማክሰኞ ሰኔ 14 ቀን 2014 ዓ.ም.። ከዙሁር ሶላት በኋላ ካፊያ ጀምሯል፤ ከሐይቁ ነፋስ ይመጣል። ቤት ውስጥ እኔ፣ ሂዳያና ጎረቤታችን እትዬ ፋና አለን።

ውድ እህቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የጂዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? መርፌ የገባበት ወገብሽስ ተሻለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የዛሬው ደህና የእውነት ነው። ሂዳያ ደሴ የሰጠችው ደም ውጤቱ መጣ፤ ነጩም ቀዩም ሙሉ ነው። መቅኒሽ ይዟል!

እትዬ ፋና እልልታዋን አቅልጣ፣ ያ ሁሉ ቅልጥም መች ከንቱ ቀረ አለች። የሂዳያ መቅኒ ደረቀ ሲባል ሰምታ፣ እሷ ክርስቲያኗ ከእስላም ሥጋ ቤት የበሬ ቅልጥም እየገዛች ስታመጣልን ከርማለች። ሂዳያ፣ እንግዲህ እምቧ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ ብላ አሳቀችን።

እኔ ግን ስኳር ተጠቅልሎበት በመጣ ጋዜጣ ላይ ያነበብኩትን ላጫውትሽ። አጥንት ውስጥ ነርቭ አለ፤ ነርቩን አቅፈው የሚኖሩ ደጋፊ ህዋሳትም አሉ። እነሱ ራሳቸው ደም አይሆኑም። የሌላ ሰው መቅኒ ከመሰጠቱ በፊት የሚገባው መድኃኒት የታመመውን መቅኒ ጠርጎ ሲያጠፋ ግን፣ እነሱ ከተረፉ አዲሱ ያንሰራራል፤ ከተጎዱ ይዳከማል። ቁራጩን ሕንድ ድረስ ይዤው ሄድኩ። በአስተርጓሚ ብጠይቀው ሐኪሙ፣ ይህ ገና በአይጥ ነው የታየው አለኝ። ሂዳያ፣ ከአይጥስ እናንሳለን? አለች።

ጦርነቱ መንገድ ዘግቶብን ሳለ ትሞትብኛለች ብዬ ነበር። መንገዱ ተከፍቶ ሕንድ ስንደርስ ደግሞ የኔ መቅኒ አልገጠመም። ሐኪሙ፣ እናት በግማሽ መግጠም ነበረባት ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። ሂዳያ አጠገቤ ነበረችና አልወለድኳትም አላልኩትም፤ ወጥቼ ደወልኩልሽ። አንቺ ስትመጪ ገጠመ። ሰጥተሽ፣ ተለይታ በተኛችበት ክፍል መስታወት በኩል አይተሻት ወደ ሥራሽ ተመለስሽ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ መጥተሽ ትወስጃታለሽ ብዬ ስፈራሽ ኖሬያለሁ። ዛሬ አልፈራሽም። የያዘው ያንቺ ነው፤ የያዘበት ቤት ደግሞ እዚህ ነው።

አላህ ጉልበትሽን አያጉድለው፤ ከክፉ አሠሪ ይጠብቅሽ፤ አገርሽ በሰላም ያግባሽ። አሚን።

እህትሽ

ረቡዕ ጠዋት የጨመርኩት።
ሱብሒ ሰገድኩ። ለሂዳያ አጥሚት አሞቅኩላት። ደብዳቤውን ወደ ጂዳ ለምትመለሰው ለሀጀራ አድርሺ ብዬ ሰጠኋት። አላሸግሽውም እኮ አለችኝ። አንብበሽ አሽጊው አልኳት። በሩ ላይ ተቀምጣ አነበበች፤ ደገመችው። ከዚያ መጥታ ትከሻዬ ላይ ተደገፈችና፣ እማ፣ እስክሪብቶሽን አለችኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ቦታ ለእሷ ለቀቅሁላት።