የጋሽ መኩሪያ ኮሚሽን

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018

ዛሬ ልጄ ሰናይት ከሥራ መልስ ሽሮ ሜዳ፣ የሽመና ቤቴ ድረስ መጣች። ያጠራቀምኳትን ገንዘብ አክሲዮን ልንገዛባት ነው፤ ወገቤ ከእንግዲህ ሽመና እምቢ ብሏል። በስልኳ አክሲዮን የሚያገዙ የሁለት አገናኝ ድርጅቶችን ኮሚሽን አወዳደረች።

"አባዬ፣ ይሄኛው በግማሽ ይረክሳል" አለች።

"ቆይ፣ ከታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ላንብባት" አልኳት። ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩ። የቱንም ያህል ትንሽ ቢገዙ ዝቅተኛው ክፍያ ሁለት መቶ ብር ነው ይላል። እንደኔ ጥቂት ለሚገዛ ሰው ርካሹ ውድ ሆኖ ተገኘ!

"እንዴ! እኔ እንኳ አላየሁትም" አለች የተማረችው ልጄ።

"የማታ ትምህርት ቀልድ መሰለሽ? መምህሬ ቢያየኝ ወንበሩን ይለቅልኝ ነበር" ብዬ ተኮፈስኩ። ሌላኛው ጋ ተመዘገብን።

እዚህ ግን እውነቱን ልጻፍ። ይህን ያወቅኩት ከትምህርት ቤት አይደለም። ድሮ ጋቢዎቼን የሚያሻሽጡልኝ ደላላ ጋሽ መኩሪያ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። "ኮሚሽንዎ በዛ" ብዬ ትቻቸው፣ ግማሹን ወደሚቀበል ሰው ሄድኩ። እሱ ለካ ሳይሸጥ ለሚመለሰውም ጋቢ ያስከፍላል። ጋሽ መኩሪያ ግን ካልሸጡ ምሳ ስጋብዛቸው እንኳ "ዛሬ አልሠራሁም" ብለው እምቢ ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ወር አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። አልወቀሱኝም። አዲሱን ጋቢ ዘርግተው አዩና፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው "ጥለቱ አምሮበታል" አሉኝ። ስንት እንደሚወስዱ ያን ቀን አልጠየቅኳቸውም።