ጫማዬን አውልቄ ውኃ ስጠብቅ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1976 ዓ.ም.፤ ጃፓን

የመጣንበት ሥልጠና ዕረፍት ስለሆነ ካገሬ ልጅ፣ ከገሳዩ ከበላይ ጋር በባቡር ወደ ተራራው አገር ወጣን። ከባቡር ጣቢያው እስከ እንግዳ ማደሪያው ቀኑን ሙሉ በጫካ ውስጥ በእግር ሄድን፤ ጣራ ገዳም ደን ውስጥ ያለሁ መሰለኝ።

ደጃፉ ላይ የቤቱ እመቤት፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት፣ ጫማችንን እንድናወልቅ በእጃቸው አመለከቱን። አወለቅሁ፤ ሱሪዬን ሰብስቤ ደፉ ላይ ተቀመጥሁና ውኃ ጠበቅሁ። እኛ አገር ደብረ ታቦር መንገደኛ ጫማውን የሚያወልቀው እግሩን ሊታጠብ ነዋ።

በላይ ሳቀብኝ። «ተነሥ አንተ፣ እዚህ ጫማ የሚወልቀው ቤቱ እንዳይቆሽሽ ነው» አለኝ።

አፍሬ ልነሣ ስል እሳቸው ለካ ያበጠ እግሬን አይተው ኖሮ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዘው መጡ። «ኧረ ይተዉ እማማ» ብላቸው በምን ቋንቋ ይስሙኝ። ጎንበስ ብለው አጠቡኝ።

እራት የወንዝ ዓሣ ጥብስ ከሩዝ ጋር አቀረቡልን። ጠገብሁ፤ ተመስገን።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ደስ ይላታል። ከዚያ ግን «መታጠቡንስ ታጠብህ፤ ጉልበታቸውን ሳምህ?» ማለቷ አይቀርም። አልሳምሁም። ነገ ስንሰናበት እስማለሁ፤ በላይ ይሳቅ።