ዳገት ያልሞከርኩባት ሞተር

ኢዩኤል ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል?

ይህን ፖስታ ካርድ ከደጀን ነው የምጽፍልህ። ሞተሯን ስንመርጥ «እኔን ከኋላ ጭነህ ቸርችልን ሽቅብ ሞክራት» ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን ብቻዬን ከፒያሳ ቁልቁል ስለቃት፣ ስትከንፍ ልቤ ሸፈተ። በዚያው ዋጋ የቀረበችልንን ሌላዋን ጉልበታም ሞተር ቀለሟ ለቋል ብዬ ናቅኋት።

ዛሬ የዓባይ በረሃ ዳገት ላይ ሁለታችንን መሸከም አቃታት። ባለቤቴ ማክዳ ወርዳ፣ ሄልሜቷን እንደ ዘንቢል አንጠልጥላ፣ በዚያ ሐሩር በእግሯ መውጣት ጀመረች። እኔ ትንሽ እነዳለሁ፣ ቆሜ እጠብቃታለሁ። አህያ የሚነዱ አንዲት እናት «አንተ ተቀምጠህ እሷ በእግሯ?» አሉኝ። አውቶቡስ ሲመጣ ማክዳ እጇን ዘረጋች። «ባሕር ዳር እጠብቅሃለሁ» ብላኝ ተሳፈረች። በመስኮት ስታውለበልብልኝ እንኳ ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ ነበሩ።

ካርዱ ሞላብኝ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ፤ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ሰላም በልልኝ። አማቴ ሲሸኙን «ልጄን አደራ» ብለውኛልና፣ ከጠየቁህ አውቶቡሱን አታንሳባቸው። አብረን ነን በልልኝ።

እምሩ